በጉዱማሌ አደባባይ የሚታየው አጋርነትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጫምባላላ በድምቀት ከሚከበርባቸው ሥፍራዎች ቀዳሚው በሐዋሳ ከተማ የሚገኘው የጉዱማሌ አደባባይ ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በናሚቢያ መዲና ዊንድሆክ በተካሄደ ጉባኤ በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የማይዳሰሱ ወካይ ቅርሶች መዝገብ ላይ መስፈሩ ይታወቃል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ስለ በዓሉ የሚነገረውና የሚጻፈው በአብዛኛው በቄጣላው ጭፈራ፣ በቡርሳሜው ማዕድና ከቱሪዝም ሊገኝ በሚችለው ገቢ ላይ ያተኮረ ሆኖ ቆይቷል። ለመንግሥት ሠራተኛውና ለአመራሩ ግን ከጭፈራው ያላነሰ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ሌላ ጉዳይ በአደባባዩ አለ። ይኸውም የጎሳ መሪዎችና የሀገር ሽማግሌዎች በበዓሉ ሰሞን ለሕዝቡ የሚያስተላልፉት ምክርና ማሳሰቢያ ነው።

ሽማግሌዎቹ በዚህ ወቅት ሕዝቡ ተግቶ እንዲሠራ፣ ታላላቆችን እንዲያከብርና እንዲደግፍ ይመክራሉ። ሀገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥ፣ ከልመና፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት እንዲርቅም ያሳስባሉ። ይህን ምክር ከመሥሪያ ቤቶች ዓመታዊ ዕቅድ ጎን አስቀምጦ የተመለከተ ባለሙያ ነጥቦቹ አንድ በአንድ በየዘርፉ ሊደለደሉ እንደሚችሉ ይገነዘባል። ዛፉ የግብርናና የደን፣ ልመናው የማኅበራዊ ጉዳይ፣ የሐሰት ምስክርነቱ የፍትሕ፣ ስርቆቱ የፖሊስ ሥራ ነው። ልዩነቱ መሥሪያ ቤቶቹ በጀት፣ ተሽከርካሪና የውሎ አበል ያላቸው ሲሆን፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሚሰማቸው ሕዝብ ያላቸው መሆኑ ላይ ነው።

መንግሥት ይህን ተሰሚነት ለሕዝብ አገልግሎት ማዋል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሐዋሳ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በየክልሉ የሚገኙ የጤና፣ የግብርና፣ የሴቶችና የፍትሕ ቢሮዎች የሃይማኖት አባቶችንና ባህላዊ መሪዎችን በአጋርነት መጥራታቸው የተለመደ ሆኗል። አጋርነቱ ፍሬ ያፈራባቸውም፣ ከመድረክና ከፎቶግራፍ ያላለፈባቸውም ጊዜያት አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ጸሐፊ እምነት ከገንዘብ መጠን ይልቅ ከአንድ ነገር ይመነጫል፤ እርሱም መንግሥት አጋሩን ውሳኔ ላይ ያሳትፈዋል ወይስ የተወሰነውን እንዲያውጅለት ብቻ ይጠራዋል የሚለው ነው።

ለዚህ ጉዱማሌ ራሱ ጥሩ ማሳያ ነው። የፊቼን ቀን የሚወስነው የትኛውም ጽሕፈት ቤት አይደለም። አያንቱዎች የሚባሉት የሰማይ አካላትን የሚመረምሩ አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክተው ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ከዚያም ለየጎሳው ይነገራል። በመሆኑም በዓሉ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። በ2010 ዓ.ም. በሰኔ መጀመሪያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ወደ ሚያዝያ ወር ሲቀርብ ታይቷል። የከተማ አስተዳደሩ አደባባዩን ያዘጋጃል፣ ፖሊስ ጸጥታውን ያስጠብቃል፣ የጤና ባለሙያዎች ለአስቸኳይ እርዳታ ይሰለፋሉ፣ የጽዳት ሠራተኞች ከበዓሉ በኋላ ሥፍራውን ያጸዳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሌላ አካል በቆረጠው ቀን ነው። አንድ ትልቅ የመንግሥት መዋቅር ሥራውን ከእርሱ ውጭ ባለ ሥልጣን ውሳኔ መሠረት የሚያቅድበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። ሆኖም ሥርዓቱ ሳይዛነፍ ይከናወናል፤ የመንግሥትም ክብር በዚህ አልተነካም።

ሌላው ከሲዳማ ሊወሰድ የሚገባው ልምድ አፊኒ የሚባለው የውይይት ሥርዓት ነው። ቃሉ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። በሶንጎ፣ ማለትም በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ጉዳይ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ነገሩ በተሰብሳቢው ዘንድ መሰማቱን ይጠይቃል። ያልሰማ ካለ ይነገረዋል፤ ውሳኔው የሚጸናው ሁሉም ከሰማና ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ ነው። የዚህ ሁሉ መሠረት ሃላሌ፣ ማለትም እውነት ሲሆን፣ እውነትን ማጉደል በነባሩ እምነት ማጋኖ ተብሎ በሚጠራው ፈጣሪ ዘንድ እንደሚያስጠይቅ ይታመናል። ይህ ሥርዓት በየመሥሪያ ቤቱ ከሚዘጋጀው የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በእኛ መድረክ ሰነዱ አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ይነበባል፣ ጥቂት አስተያየቶች ይሰጣሉ፣ ከምሳ በኋላ የአቋም መግለጫ ይወጣል። አፊኒ በጥያቄ ይጀምራል፤ የግንዛቤ ማስጨበጫው ግን በመልስ ይጀምራል። የሃይማኖት አባትም ሆነ ሽማግሌ በሁለተኛው ዓይነት መድረክ ላይ ቡራኬ ከመስጠት ያለፈ ሚና ሊኖረው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይኖርበታል። የሲዳማ ሕዝብ ዛሬ በአብዛኛው የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በቀድሞው የሲዳማ ዞን ከነበረው ነዋሪ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ፕሮቴስታንት መሆኑ ተመዝግቧል። የኦርቶዶክስ፣ የእስልምናና የካቶሊክ ምእመናንም በክልሉም ሆነ በከተማዋ ይኖራሉ። የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል የታኅሣሥና የሐምሌ 19 ክብረ በዓላት ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች በርካታ እንግዶችን ወደ ከተማዋ ይስባሉ። ስለዚህ «የማኅበረሰቡ እምነት» ተብሎ በአንድ ቃል የሚጠቀለል ነገር የለም። ከነባሩ ሥርዓት የትኛው ባህል፣ የትኛው አምልኮ ነው የሚለውን መለየት የምእመኑና የየቤተ እምነቱ ጉዳይ እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ የሚዳኘው አይደለም። ከሠራተኛው የሚጠበቀው የትኛውንም ወገን ሳያገልልና ሳያስቀድም አገልግሎቱን ማድረስ ነው።

የእምነት ተቋማት በአገልግሎት ሰጪነት የኖሩ ስለመሆናቸው ክርክር የለም። በሐዋሳ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቡሹሎ ጤና ጣቢያን ስታስተዳድር የኖረች ሲሆን፣ ተቋሙ በተለይ ለእናቶችና ለሕፃናት በሚሰጠው አገልግሎት ይታወቃል። የይርጋለም ሆስፒታልም ከኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ጋር የተቆራኘ ረጅም ታሪክ አለው። በሀገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍና ሌሎችም በውኃ፣ በጤናና በትምህርት መስክ ሲሠሩ ቆይተዋል። ሕንፃ ገንብቶ አገልግሎት መስጠት ግን የአጋርነቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሰውን ልማድና አስተሳሰብ በሚነካ ጉዳይ ላይ አብሮ መሥራት ነው።

በዚህ ረገድ የኤች አይ ቪ ሕክምና ታሪካችን ከሚያስተምሩን አንዱ ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት ሲጀምር መንግሥት መድኃኒቱን ማቅረብ ቻለ እንጂ ሁሉም ታማሚ እንዲወስደው ማድረግ አልቻለም ነበር። በእንጦጦ ማርያምና በሌሎች የጸበል ሥፍራዎች የነበሩ በርካታ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ በጸበሉ ላይ እምነት ማጣት መስሎ ስለታያቸው ይተዉት ነበር። የጤና ባለሙያ ምንም ያህል ቢያስረዳ ይህን ጥያቄ መመለስ አይችልም፤ ጥያቄው የሕክምና ሳይሆን የእምነት ነውና። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አጣምሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲያስተምሩ ግን ለሕሙማኑ መልሱ ከሚጠበቅበት ሥፍራ መጣ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ጸበሉን እንድትተው አልተጠየቀችም፤ ጤና ጥበቃም ጸበል እንዲያዝ አልተገደደም። እያንዳንዱ በየሥልጣኑ ቆሞ በመካከል የነበረው በሽተኛ ከሁለቱም ተጠቀመ።

የአፍሪካ ሌላ ምሳሌም ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ያጠቃው የኢቦላ ወረርሽኝ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ገድሏል። በሽታው ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱ የሟችን አስከሬን ማጠብና መንካት ስለነበር፣ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች አስከሬኑን ከቤተሰቡ እየወሰዱ ይቀብሩ ጀመር። ቤተሰቡ ግን ሟቹን መደበቅና በሌሊት መቅበር መረጠ። በዓመቱ መገባደጃ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ከክርስቲያንና ከሙስሊም ድርጅቶች ጋር ተመካክሮ የቀብር መመሪያውን እንደገና ጻፈ። ለሙስሊሞች በውኃ ከማጠብ ፈንታ ተየሙም እንዲፈጸምና አስከሬኑ እንዲገነዝ፣ ቤተሰብ በርቀት ቆሞ እንዲሰናበት፣ የሃይማኖት አባት እንዲጸልይ ተፈቀደ። የሃይማኖት መሪዎቹ የተጠሩት የተዘጋጀ መመሪያ እንዲያውጁ ብቻ አልነበረም፤ መመሪያው ራሱ በእነርሱ ምክር ተለወጠ። የሕዝቡ እምቢታ የላላውም ከዚህ በኋላ ነው።

አጋርነት የማይችለውን እንዲሸከም ሲጠየቅ የሚሆነውን ደግሞ ሐዋሳ ራሷ አይታለች። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ያቀረበው የክልልነት ጥያቄ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ በሕዝበ ውሳኔ መልስ ማግኘት ነበረበት። ጊዜው ያለ ሕዝበ ውሳኔ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሲያበቃ በከተማዋና በዞኑ በተቀሰቀሰው ሁከት የሰው ሕይወት አልፏል፣ ንብረት ወድሟል፣ ቤተ እምነቶች ጭምር ጉዳት ደርሶባቸዋል። በዚያን ወቅት ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ወጣቱን እንዲያረጋጉ ከየአቅጣጫው ጥሪ ይቀርብላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ወጣቱ «መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው መንግሥትን ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ የሌለውን ቀን ሊሰጥ አይችልም። የምርጫ ቦርድ ቀን ከቆረጠ በኋላ ግን ያው ምክር ፋይዳ አገኘ። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሰላም ተካሂዶ ከመራጩ 98.5 በመቶው ክልልነትን ደግፏል። ሲዳማም በሰኔ 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑ አሥረኛ ክልል ሆኗል። ለሰላሙ መጠበቅ የጸጥታ ኃይሉም የቦርዱም ዝግጅት የየራሱ ድርሻ ስላለው ሁሉንም ለሽማግሌዎች መስጠት አይቻልም። ሆኖም የሐምሌውና የኅዳሩ ልዩነት ሲታይ፣ የሽማግሌ ምክር የመንግሥትን መልስ ሊያግዝ እንጂ ሊተካ እንደማይችል መረዳት አያዳግትም።

የሕጉን ጉዳይ በተመለከተ በአንዳንድ ሠራተኞች ዘንድ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይስተዋላሉ። አንደኛው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 በመጥቀስ ከእምነት ተቋም ጋር ማናቸውንም ሥራ መሥራት ክልክል ነው ብሎ ማሰብ ነው። አንቀጹ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንዳይኖርና አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል እንጂ ጉድጓድ ውኃ አብሮ መቆፈርን አይከለክልም። ሁለተኛው ደግሞ «ለሕዝብ ጥቅም እስከሆነ ድረስ» በሚል የመንግሥትን ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ለአንድ እምነት ስብከት ክፍት ማድረግ ነው። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛልና ይህኛው ግልጽ ጥሰት ነው። በሽምግልና ስለሚያልቁ ጉዳዮችም አንቀጽ 34 በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎች ፈቃድ መሆኑን፣ ይኸውም በግልና በቤተሰብ ጉዳይ እንደሆነ ያመለክታል። የፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ የመዝገብ ብዛት ለመቀነስ ሲል ያልፈቀደችን ተበዳይ ወደ ሽማግሌ ቢመልስ አጋርነት ሳይሆን ሥራን መሸሽ ነው። ኦሮሚያ ክልል በዐዋጅ ቁጥር 240/2013 ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ ማስገባቱ ጉዳዩ በዘልማድ ብቻ እንዳይመራ ከተወሰዱ እርምጃዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

የገንዘቡ ነገርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 በሃይማኖት ተቋማትና እንደ ዕድር ባሉ ባህላዊ ማኅበራት ላይ ተፈጻሚ አይሆንም፤ የሃይማኖት ተቋማት የሚያቋቁሟቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ግን በዐዋጁ ይገዛሉ። ይህ ልዩነት ለቢሮ ኃላፊ ተራ የሕግ ዝርዝር መስሎ ሊታየው ይችል ይሆናል። በተግባር ግን ውሉ ከማን ጋር እንደሚፈረም፣ ሒሳቡን ማን እንደሚመረምር፣ ንብረቱ ሥራው ሲያልቅ ለማን እንደሚቀር የሚወስነው ይኸው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የልማት ክንፍ ጋር ሲሠራ ተጠሪነቱ ይታወቃል። ከዕድርና ከሽማግሌዎች ሸንጎ ጋር ሲሠራ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ በእጃቸው ከማስያዝ ይልቅ ቁሳቁሱን ራሱ ገዝቶና መዝግቦ ማቅረብ ይመረጣል። ለሽማግሌዎቹም የሚበጀው ይኸው ነው። ለዘመናት ያለ ክፍያ በታማኝነት የኖረን ሸንጎ በአበል ፊርማ ማስለመድ ተሰሚነቱን በገዛ እጅ ማፍረስ ይሆናል፤ አበሉ የቆመ ቀን ሸንጎውም እንደሚቆም በየቦታው የተቋቋሙና የፈረሱ ኮሚቴዎች ምስክር ናቸው።

ሽማግሌዎችን ማድነቅ ብቻውንም በቂ አይደለም። በሶንጎ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። የእናቶች ጤናን ወይም የሴት ልጅ ጥቃትን የሚመለከት ሥራ በእነርሱ ፈቃድ ብቻ ቢመራ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሳይሰሙ ይቀራል፤ ይህም የአፊኒን መንፈስ ራሱን ይቃረናል። ሲዳማ ለዚህም የራሱ መፍትሔ ነበረው። ያካ የሚባለው የሴቶች ኅብረት በቃሪቾዋ መሪነት ሲቆ የተሰኘውን በትር ይዞ በመውጣት በሴት ላይ በደል የፈጸመን ሰው ይጠይቅ፣ ካሣም ያስከፍል እንደነበር በጥናት ተመዝግቧል። የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አዲስ አደረጃጀት ከመፍጠራቸው በፊት ይህ ኅብረት በየቀበሌው ምን ያህል እንደቀረ ማየት ይጠበቅባቸዋል።

ወደ ዛፉ እንመለስ። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የሚገባበት ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። የጥቁር ውኃ ወንዝን የሚመግበው ጨለለቃ አንድ ጊዜ ሐይቅ የነበረ ሲሆን ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ጉዱማሌ ላይ ቆሞ ሀገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለው ሽማግሌ የሚናገረው ከዚህ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ በርካታ ችግኞች ይተከላሉ። የሁለቱ መገናኛ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በበዓሉ ቀን በሚተከል ጥቂት ችግኝና በአንድ ሰሌዳ ላይ ነው። ይሁንና ሽማግሌው የሚጠብቀው ሀገር በቀሉን ሲሆን፣ በየጓሮው ቶሎ የሚደርሰውና ገበያ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱ እንዲጣጣሙ ከተፈለገ ጥያቄው ከችግኝ ጣቢያው መጀመር አለበት። የወይራ፣ የዝግባና የኮሶ ዘር በወቅቱ ተሰብስቦ ተፈልቷል ወይ? የትኛው ኮረብታ ይከለል፣ የትኛው ለግጦሽ ይቅር የሚለውስ በየአካባቢው ሶንጎ ተሰምቷል ወይ? ፊቼ የሚውልበት ቀን ቢለዋወጥም ክረምቱ የሚገባው በሰኔ ነው። ለቀጣዩ ተከላ የሚሆነው ችግኝ ደግሞ ከዚያ ወራት አስቀድሞ በፕላስቲክ ከረጢቱ ውስጥ መገኘት ይኖርበታል፤ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሽማግሌዎቹን ለማነጋገር የሚመቻቸው ጊዜም ይኸው የዘር መሰብሰቢያው ወቅት ነው።